ባለ 260 ፈረስ ጉልበት ጀልባ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፦ ወንዝ ላይ እንዴት ነው የምትነዳው?

አዲስ ባለጀልባ (ለንደን)
ዓርብ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ያገለገለች ጀልባ ገዛሁ። 8 ሜትር ርዝመት አላት። ሞተሯ ቤንዚን ነው፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር፣ 260 የፈረስ ጉልበት። ከኋላዋ ውሃ ውስጥ የሚገባ እግር አላት፤ ፕሮፔለሩ እሱ ላይ ነው። የተሠራችው ለባሕር ነው። እኔ ግን የማስራት ቴምዝ ላይ፣ ሼፐርተን አጠገብ ነው። ከቴዲንግተን በላይ ባለው ቴምዝ ደግሞ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። ዳር ዳሩን ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይቀድመኛል።

ባለፈው እሑድ ከባለቤቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣን። ቀኑ ያማረ ነበር። ጀልባዋ ግን ቀጥ ብላ መሄድ አልቻለችም። አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል። መሪውን ወደ ቀኝ ሳዞር ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ በአንዴ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ እንደገና ወደ ግራ እመልሳታለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስታገል ትከሻዬ አለቀ። ሁለት ሴቶች በቀዘፋ ጀልባ እየመጡ ነበር። በየትኛው ጎን እንደማልፋቸው ስላልገባቸው ቀዘፋቸውን አቁመው ጠበቁኝ። ያ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ይሄ የመሪ ብልሽት ነው ወይስ የኔ አነዳድ? ይሄን የሚያህል ሞተር ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ማስኬድ አይጎዳውም? ወሰኑን ካላለፍኩስ ማዕበሌ ሰው አይረብሽም ማለት ነው? የምታውቁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

---

ባለ ካምቢዮ (ሳውዝሃምፕተን)
ዓርብ ማታ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። እኔ የጀልባ ሞተር ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የመጀመሪያውን ጥያቄህን ብቻ አሁን ልመልስ፤ የቀረውን ነገ።

መሪህ አልተበላሸም ብዬ እገምታለሁ። የጀልባህ ሆድ እንደ ቪ ፊደል የሾለ ነው። እሱ የተሠራው በፍጥነት ሲሄድ ከውሃው በላይ ተነስቶ እንዲንሸራተት ነው። በዚያ ፍጥነት ቀጥ ይላል። በቀስታ ሲሄድ ግን ሙሉ ሆዱ ውሃ ውስጥ ነው። ከሥሩ አቅጣጫ የሚይዝለት ረጅም የቆመ ሳንቃ (ኪል) የለውም። የወንዙ ውሃ ትንሽ ሲገፋው አፍንጫው ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ነገር፣ ያንተ ጀልባ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያዞራት የመሪ ሰሌዳ የላትም። የሚያዞራት ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ነው። በሚኒሞ የሚገፋው ውሃ ትንሽ ነው። ለዚህ ነው መሪውን ስታዞር መልሱ የሚዘገየው። አንተ ደግሞ መልስ ስታጣ ትጨምራለህ። ስትጨምር ያ ሁሉ ተደምሮ በአንዴ ይመጣል። ከዚያ እሱን ለማረም በሌላው በኩል ትጨምራለህ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ ይሄ ነው። አፍንጫዋን አትይ። ከፊትህ ሩቅ የሆነ ነገር ያዝ፤ ዛፍ ይሁን የድልድይ ምሰሶ። አፍንጫዋ ትንሽ ስትሸሽ ተዋት፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትመለሳለች። ካልተመለሰች መሪውን የእጅ ስፋት ያህል ብቻ አዙርና ወዲያው ወደ መሃል መልሰው። መዞር ስትጀምር ሳይሆን ገና ልትጀምር ስትል መልስ። መሪውን አታሳድደው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከተለማመድክ እጅህ ራሱ ያውቀዋል።

እግሩን ደግሞ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አውርደው። ወደ ላይ የተነሳ እግር ወንዝ ላይ ያንከራትትሃል። ከፊት መኝታው ሥር የከመርከው ዕቃ ካለ ወደ ኋላ ውሰደው። አፍንጫዋ ከከበደ መንከራተቱ ይብሳል። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ትናንሽ ሳህኖች ካሏት እነሱንም አውርደህ ሞክር። አንዳንዷን ጀልባ በደንብ ያቀኗታል።

---

አዲስ ባለጀልባ
ዓርብ ማታ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ እግሩ ግማሽ ላይ ነበር! መልሕቁን፣ ሁለት ጄሪካን ውሃና የወንድሜን ብስክሌት ደግሞ ፊት ለፊት ነበር ያስቀመጥነው። ነገውኑ ሄጄ አወርደዋለሁ። እርስዎ ያሉትን «ገና ልትጀምር ስትል መልስ» የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፌ መሪው አጠገብ እለጥፈዋለሁ።

---

እሙ ጀበና (ቴምዝ፣ ጀልባ ላይ ነዋሪ)
ቅዳሜ ጠዋት

ልጄ፣ ሦስተኛውን ጥያቄህን እኔ ልመልስልህ። ጀልባ ላይ መኖር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ጠባቧ ረጅም ጀልባ ናት የኔ። ማታ ማታ ስቴንስ አካባቢ ዳር ላይ አስራታለሁ።

እሑድ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። ጎረቤቶቼ፣ አበሾቹም ፈረንጆቹም፣ ይመጣሉ። አንድ ቀን ጀበናው እሳቱ ላይ ነበር። ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ደርድሬ ጨርሻለሁ። አንድ ትልቅ ነጭ ጀልባ አለፈ። ፍጥነቱን ብታየው እብድ የሚባል አልነበረም። ምናልባት 10፣ ምናልባት 11 ይሆናል። ግን ኋላው ተቀብሮ አፍንጫው ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው። ማዕበሉ እኔ ጋ የደረሰው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጀልባዬ ወደ ፊት ተሳበች፤ ገመዱ ተወጥሮ ሲጮኽ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ኋላ ተወረወረች። የኋላው ችካል ከመሬቱ ተነቀለ። ረከቦቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ስኒዎቼ ተሰባበሩ። ጀበናው ሲገለበጥ ፍል ቡናው ከእህቴ ልጅ እግር የተረፈው በአንድ ስንዝር ነው። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ሰውየው ዞር ብሎ አላየም። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ አላወቀም።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ወደ ኋላህ እይ። የፍጥነት መለኪያውን ሳይሆን ኋላህን። ውሃው ለስለስ ብሎ ከተከተለህ ደህና ነህ። ማዕበልህ ዳር ደርሶ ነጭ አረፋ ሆኖ ከተሰበረ፣ የታሰሩ ጀልባዎች ካለፍካቸው በኋላ የሚወዛወዙ ከሆነ፣ በወሰኑ ውስጥ ብትሆንም በዝቷል። ወሰኑ ጣሪያ ነው እንጂ እዚያ ድረስ ሂድ የሚል ትእዛዝ አይደለም። የታሰረ ጀልባ ስታይ አጠገቡ ስትደርስ ሳይሆን ከመድረስህ በፊት ቀንስ፤ ያመጣኸው ማዕበል አብሮህ ይደርሳልና።

ሰው ብቻም አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ዳክዬዎቹና የውሃ ወፎቹ ጎጆአቸውን ከውሃው ጋር እኩል ነው የሚሠሩት፤ በሸምበቆና በወደቀ ቅርንጫፍ ላይ። አንድ ማዕበል እንቁላሉን ያጥበዋል።

---

ባለ ካምቢዮ
ቅዳሜ ጠዋት

እትዬ የተናገሩትን ልብ በል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ፤ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ነው።

ማንኛውም ጀልባ ሲሄድ ከፊቱ አንድ ማዕበል ያነሳል። ፍጥነት ሲጨምር ማዕበሉ ይረዝማል። የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባው ርዝመት ጋር እኩል የሚሆንበት ፍጥነት አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን የጀልባህን ርዝመት በሜትር ያዝ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በ4.5 አባዛ። ያንተ 7 ሜትር ያህል ብንል ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይመጣል። እዚያ ጋ ስትደርስ ጀልባዋ ራሷ የሠራችው ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች። ኋላዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሳል። ከዚያ በላይ ለመሄድ የራሷን ማዕበል መውጣት አለባት። ትልቁ ማዕበል የሚወጣው እዚህ ነው። ሙሉ ፍጥነት ላይ ስትንሸራተት ከምታወጣው እንኳ ይበልጣል።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከሙሉ ፍጥነት ግማሽ መንገድ ይቀንሱና «ቀንሻለሁ» ይላሉ። ግማሽ መንገድ ግን የባሰው ቦታ ነው። ባንተ ጀልባ እስከ 7 ወይም 8 ድረስ ውሃው ዝም ብሎ ያሳልፋታል። ከ9 ጀምሮ ኋላዋ ሲቀመጥ በወገብህ ይሰማሃል። ጥልቀቱ ሲያንስ ደግሞ ይሄ ሁሉ ቀደም ብሎ ይመጣል። ውሃው ከሥርህ የሚያልፍበት ቦታ ያጣል። ሞተሩን ሳትነካው ጀልባዋ ከከበደች፣ መሪው ከሰነፈ፣ ከሥርህ ውሃው ጥልቀት አጥቷልና ቀንስ። ወደ ዳር ስትጠጋ ደግሞ ኋላዋ ወደ ዳሩ ይሳባል። ያንን ስታይ በኃይል ነዳጅ አትስጥ፤ ይብሳል። ቀንስና ቀስ ብለህ ወደ መሃል አውጣት።

---

የፌኽት ወንዝ (ዩትሬኽት)
ቅዳሜ ከሰዓት

ሰላም ሰላም። እኔ ያለሁት ሆላንድ ነው፤ ፌኽት ወንዝ ላይ ነው የምነዳው። የኔ ሁለት ናፍጣ ሞተር ናት፣ ባለ ተርቦ። ችግሬ ከወንድማችን ይለያል። ሁለቱንም ማርሽ ውስጥ ሳስገባ ሚኒሞ ላይ እንኳ ከሚፈቀደው በላይ ትሄዳለች። ስለዚህ በአንዱ ብቻ ነው የምነዳት። ሰው ሁሉ ግን ናፍጣን በሚኒሞ ማስኬድ ሞተር ይገድላል ይለኛል። እውነት ነው? ነዳጅስ ይቆጥባል?

በነገራችን ላይ እዚህ ጀልባህ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ከቻለች፣ በ5 ብትነዳትም መመዝገብ አለባት። ነጂውም 18 ዓመት የሞላውና መንጃ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ጀርመን ደግሞ አብዛኛው ወንዝ ላይ ከ15 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቁሃል። ከእንግሊዝ ተነስታችሁ ወደዚህ የምትመጡ ካላችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት።

---

ባለ ካምቢዮ
ቅዳሜ ማታ

ናፍጣውን ከቤንዚኑ ለይቼ ልናገር።

ናፍጣ ሞተር የሚወደው ሸክምና ሙቀት ነው። በሚኒሞ ለሰዓታት ሲሄድ ሲሊንደሩ በደንብ አይሞቅም። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። ጥላሸት ይሆናል፤ ተርቦው ላይና ጭሱ በሚወጣበት ክርን ላይ ይጋገራል። የፒስተን ቀለበቶቹ በደንብ ስለማይወጠሩ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ዘይት መብላት ይጀምራል። ይሄ ወሬ አይደለም፤ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ግን ደግሞ ሰው እንደሚፈራው በአንድ በጋ የሚመጣ አይደለም። ፈትቼ ያየኋቸው ክፉኛ የተጎዱት ሞተሮች ጀልባው ታስሮ ሳለ ባትሪ ለመሙላት ብቻ በየቀኑ ያለ ሸክም ሲነሱ የነበሩ ናቸው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሞተር ትንሽም ቢሆን ሸክም አለው።

ስለዚህ በአንድ ሞተር መሄድህ ለሞተሩ ይሻለዋል። ያ አንዱ የሁለቱን ሥራ ስለሚሠራ ይሞቃል። በየሰዓቱ ቀያይራቸው። ሁለት ነገር ግን አጣራ። አንደኛ፣ የመሪው ዘይት ፓምፕ በየትኛው ሞተር ላይ ነው ያለው? አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው። እሱን ካጠፋኸው መሪህ ድንጋይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የቆመው ሞተር ፕሮፔለር በውሃው ኃይል እንዲሁ እየዞረ የሚሄድ ከሆነ ካምቢዮው ያንን ይችላል ወይ? አንዳንዱ ካምቢዮ ዘይት የሚያሰራጨው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ዘንጉ ከዞረ ይቃጠላል። የካምቢዮህን መጽሐፍ ሳታይ አትሞክረው። የነዳጁ ቁጠባ አለ፣ ግን ብዙ አትጠብቅ። እኔ አንዱን የማጠፋው ለሞተሩ ብዬ እንጂ ለኪሴ ብዬ አይደለም።

ወደ ክፍት ውሃ የምትወጣበት ቀን ካለህ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከበድ አድርገህ ንዳው። የተጋገረውን ያራግፍለታል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። ባለ 8 ሲሊንደሩ በሚኒሞ ቀኑን ሙሉ ቢሄድ አይሞትም። የድሮ ባለ ካርቡራተር ከሆነ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው) ይጠቁራል። ሁለት ወር ነድተህ አንዱን ፍታና እይ። ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ካርቡራተሩ ብዙ ቤንዚን እየሰጠ ነው፤ አስተካክለው። የድሮ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እሱ በሚኒሞ ረጅም ሰዓት ሲሄድ ካንዴላው በዘይት ይዘፈቃል።

ማርሽ ስትቀይር ደግሞ አታባብለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለስለስ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ያስገባዋል፣ ለሞተሩ ያሰበ መስሎት። ያ ነው ጥርሱንም ፍሪሲዮኑንም የሚበላው። ሚኒሞ ላይ መሆንህን አረጋግጥ፣ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ አንድ ሰከንድ ቁም፣ ከዚያ በአንድ እንቅስቃሴ ግጭ አድርገህ አስገባ።

---

ፖቶማክ ዳር (ቨርጂኒያ)
እሑድ

ይቅርታ፣ ውይይቱን አቋርጬ ስለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንም ስላላነሳው ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከልጆቼ ጋር ኦኮኳን ወንዝ ላይ ነበርን። እዚያ ማዕበል ማንሳት ክልክል ነው። ነጩ ተንሳፋፊ ምልክት ላይ ብርቱካናማ ክብ አለ፤ እሱን ካያችሁ በሚኒሞ ነው የምትሄዱት። ቀኑ በረድ ያለ ስለነበር ሸራውን ዘግተን ከኋላው ብቻ ክፍት አደረግነው። ነፋሱ ከኋላችን ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ትንሿ ልጄ ራሴን አመመኝ አለች። ትንሽ ቆይታ እንቅልፍ ያዛት። እኔም ከበደኝ። ድካም መሰለኝ። ባለቤቴ ናት «ሁላችንም በአንዴ?» ያለችው። ሸራውን ቀድዳ ከፈተችው፣ ሞተሩን አጠፋሁት። ልጅቷን ወደ አፍንጫው ይዘናት ሄድን። አየር ሲያገኛት ነቃች፣ አስመለሳት፣ ከዚያ ዳነች። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ሽታ የለውም፤ አይታይም። በፍጥነት ስትሄዱ ነፋሱ ጭሱን ወደ ኋላ ይወስደዋል። በቀስታ ስትሄዱ፣ በተለይ ነፋሱ ከኋላ ከሆነ፣ ጭሱ ከኋላው ዞሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ሸራው ደግሞ ይይዘዋል። ከኋላ ብቻ መክፈት ከሁሉም የከፋ ነው። ከፊትም መስኮት ክፈቱ፣ አየሩ ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ግዙ። ልጆች ከኋላ መወጣጫው ላይ ሞተሩ እየሠራ እንዳይቀመጡ።

ቤንዚን ሞተር ላላችሁ ደግሞ፦ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለውን የአየር መምጠጫ ማራገቢያ ቢያንስ አራት ደቂቃ አሠሩት። በሚኒሞ ስትሄዱም አታጥፉት። በፍጥነት ስትሄዱ ነፋሱ ራሱ የቤንዚኑን ትነት ያወጣዋል፤ ወንዝ ላይ ግን የሚያወጣው የለም። ከሥር የተጠራቀመ ትነት አንዲት ብልጭታ ነው የሚጠብቀው።

---

እሙ ጀበና
እሑድ

እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ልጆችህን እንኳን አተረፈልህ። እዚህ እንግሊዝ የመኝታ ክፍል ላለው ጀልባ መጠቆሚያው ግዴታ ከሆነ ቆየ፤ ከ2019 ጀምሮ ነው። በየአራት ዓመቱ የሚደረገው የደህንነት ምርመራ ላይም ያዩታል። አዲሱ ባለጀልባ፣ ያንተ ጀልባ አሮጌ ናትና መጠቆሚያው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ዓመት እይ። ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው።

---

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)
እሑድ ማታ

ሰላም ከባሕር ዳር። እኔ ቱሪስት ይዤ ከከተማው ወደ ደብረ ማርያም፣ ከዚያ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ነው የምሄደው። ሞተሬ ባለ 40 ፈረስ ናት፤ የናንተን አታህልም። የምታወሩት ነገር ግን የኛም ነው።

እኛ ጋ ማዕበል የሚጎዳው ታንኳውን ነው። የደንገል ታንኳ ከውሃው በላይ ያለችው ስንዝር እንኳ አትሆንም። ሰውየው እንጨት ወይ እህል ጭኖ ተንበርክኮ ይቀዝፋል። በፍጥነት ካለፍከው ጭነቱ ይርሳል፣ እሱም ይወድቃል። አባቴ ያስተማረኝ ታንኳ ሳይ ከሩቅ እንድቀንስ፣ ከዚያ ሞተሩን ፎሌ አድርጌ በግስጋሴዬ እንዳልፈው ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን ካለፍን በኋላ ማርሽ አስገባለሁ። ዓባይ መውጫው ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ። እዚያ መቸኮል አይቻልም። ጉማሬው ሲጠልቅ የት እንደሚወጣ አታውቅም፤ አረፋውን እያየህ ራቅ ብለህ በቀስታ ነው።

ሌላው እምቦጭ ነው። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ድምፁ ይወፍራል። ያኔ ነዳጅ አትጨምር። ፎሌ አድርግ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባ፣ ይፈታል። ካልተፈታ ሞተሩን አጥፍተህ እግሩን አንስተህ በእጅህ አውጣው። ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳም እይ። በሞተሩ ጎን የሚተፋው ውሃ ከቀጠነ እዚያ ቅጠል ገብቷል ማለት ነው።

---

ባለ ካምቢዮ
እሑድ ማታ

የጣና ልጅ፣ አባትህ አዋቂ ሰው ናቸው። በማርሽና በፎሌ መካከል እያቀያየሩ መሄድ፣ በሚኒሞም የምትፈጥን ጀልባ ላለው ሰው ዋናው ዘዴ ነው። ፎሌ ላይ ሳለህ ግን መሪ እንደሌለህ አትርሳ። ስለ ቅጠሉ ያልከው ቴምዝም ላይ ያው ነው። የኛው ቅጠል፣ ገለባና ፌስታል ነው። ሐምሌ ላይ የውሃውን ፊልትሮ በየማታው እከፍተዋለሁ።

---

አዲስ ባለጀልባ
እሑድ ማታ

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ስለ ወሰኑ ነው። 8 ኪሎ ሜትሩ የሚለካው በውሃው ላይ ነው ወይስ በመሬቱ? ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስ የሚያሳየኝ የመሬቱን ነው።

---

እሙ ጀበና
ሰኞ

ቴምዝ ላይ የሚለካው ከወንዙ ወለል አንጻር ነው፤ ስለዚህ ጂፒኤሱ ልክ ነው። ግን ይሄ ነገር ወደ ታች ስትሄድ ያታልልሃል። ወንዙ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እየወረደ ከሆነ፣ ጂፒኤሱ 8 ሲያሳይህ በውሃው ውስጥ የምትሄደው 5 ብቻ ነው። መሪህ የሚሠራው በ5ቱ ነው። ጀልባዋ ላንተ ስትሰንፍ ወንዙ ግን ይዞህ እየሄደ ነው። ድልድይና የወንዙን ውሃ የሚገድብ ግድብ ባለበት ይሄ ያስፈራል። ሎኮቹ (ጀልባን ከፍ ዝቅ አድርገው የሚያሻግሩት ባለ በር የውሃ ክፍሎች) ላይ ቢጫ ሰሌዳ ካየህ ውሃው እየጠነከረ ወይ እየቀነሰ ነውና ከመውጣትህ በፊት አስብ። ቀይ ሰሌዳ ከሆነ አትውጣ። 260 ፈረስ አለኝ ብለህ አትተማመን። ያንን ጉልበት ጠባብ ቦታ ላይ ልትጠቀምበት አትችልም።

ስትታሰር ሁልጊዜ አፍንጫህን ወደ ወንዙ መምጫ አድርግ። ወደ ታች እየሄድክ ከሆነ ዞረህ ተመለስና እሰር። ያኔ ወንዙ ፍሬን ይሆንልሃል፤ ቀስ ብለህ በጎን ትጠጋለህ። ሎክ ውስጥ ሞተርህን አጥፋ፤ ግዴታ ነው። ከዚያም ገመድህን ያዝ እንጂ ቋጥረህ አትተወው። ውሃው ሲወርድ የተቋጠረ ገመድ ጀልባዋን ሰቅሎ ያስቀራታል።

---

ባለ ካምቢዮ
ሰኞ

አንዲት ነገር ልጨምር። ሎክ ስትገባና ስትታሰር መጀመሪያ መሪውን አዙር፣ ከዚያ ማርሽ አስገባ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። እግሩን ወደምትፈልገው አቅጣጫ ሳታዞር ማርሽ ካስገባህ ጀልባዋ መጀመሪያ ወደማትፈልገው ትሄዳለች። አንድ ሰከንድ ማርሽ፣ ፎሌ፣ እይ። እንደገና አንድ ሰከንድ። ነፋስ ካለ ደግሞ ጀልባህ ከውሃው በላይ ረጅምና ቀላል ስለሆነች አፍንጫዋን ይወስደዋል። ነፋሱን ከመግባትህ በፊት ባንዲራ ወይም የዛፍ ቅጠል አይተህ እወቅ። የሞተር ማጥፊያውን ገመድም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው ብለህ አትተወው። ሰው የሚወድቀው ሲታሰር ነው፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ በሚኒሞም ይዞራል።

---

አዲስ ባለጀልባ
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ተመለስን። ከሼፐርተን እስከ ዊንዘር ሄደን መጣን። እንዴት እንደሄደ መንገር ዕዳዬ ነው።

ዕቃውን ወደ ኋላ አዛወርኩ፣ እግሩን አወረድኩ። ቸርትሲ ሎክ እስክንደርስ እጄ ገና ይቸኩል ነበር። ከፔንተን ሁክ በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። ወንድሜ ሲያዋራኝ መሪውን መያዜን ረሳሁት። ዛፉን ብቻ እያየሁ ነበር፤ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። አፍንጫዋ ትንሽ ትሄድና ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ትከሻዬ አልደከመኝም። ኤም 25 አውራ ጎዳና ድልድይ ሥር ስናልፍ ከላይ መኪናው ይጮኻል፣ ከታች ግን የኛ ሞተር አይሰማም።

ስቴንስ ጋ አረንጓዴ ጠባብ ጀልባ ታስራ አየሁ። መስኮቷ ላይ ጀበና ተቀምጧል። እትዬ፣ የርስዎ መሆኗን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ገና ሦስት ጀልባ ሲቀረኝ ነበር የቀነስኩት። ባለቤቴ ከኋላ ቆማ ማዕበሉን ታይልኝ ነበር። «ገመዷ አልተነቃነቀም» አለችኝ። መስኮቱን ቢያንኳኩ ኖሮ እንቆም ነበር፤ ያሉ አልመሰለኝም።

ራኒሚድ ላይ ታስረን ምሳ በላን። ማግና ካርታ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ ሥልጣን የገደበው ሰነድ፣ በ1215 ማኅተም የተደረገበት ሜዳ መሆኑን ለወንድሜ የነገረው እዚያ ያገኘነው አንድ ሽማግሌ ነው። አንድ ወፍ ከኛ አሥር ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሸምበቆ ላይ ጎጆ ሠርቷል። አራት ሰዓት ያህል የታሰሩ ጀልባዎች መካከል ስናልፍ አንድም ሰው እጁን አላወዛወዘብንም። ሁለት ሰዎች ሰላም አሉን።

ነፋሱ ስንመለስ ከኋላ ሆነ። የፊቱን መስኮት ከፈትን፣ ሸራውን ሙሉ በሙሉ አወረድነው። አዲሱ መጠቆሚያ ዜሮ ነው የሚያሳየው። ማራገቢያውን አላጠፋሁም።

ጋሼ፣ ማታ ካንዴላዎቹን ፈታኋቸው። ሰባቱ ቡናማ ናቸው። አንዱ፣ ከግራ በኩል ሦስተኛው፣ ጥቁር ነው።

---

ባለ ካምቢዮ
እሑድ ማታ

ካርቡራተሩ ቢሆን ኖሮ ከአንድ በላይ ይጠቁር ነበር። የዚያን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ነቅለህ ከጎኑ ካለው ገመድ ጋር አቀያይር፤ የብልጭታው ተራ ግን አይዛባ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ንዳት። ጥቁሩ ከገመዱ ጋር ከተዛወረ ገመዱን ለውጥ። እዚያው ከቀረ ንገረኝ፤ የሲሊንደሩን ግፊት እንለካለን።

---

እሙ ጀበና
እሑድ ማታ

ጀልባዬ ናት! ውስጥ ነበርኩ ልጄ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። አንድ ሞተር ሲያልፍ ሰማሁና የሚመጣውን ጠብቄ ድስቱን በእጄ ያዝኩት። ምንም አልመጣም። በሚቀጥለው ስታልፍ ፊሽካህን ንፋ፤ ቡና አለ።